ከጡት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የስፌትና የጠባሳ አያያዝ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዓመቱ

«ጠባሳው እንዲጠፋ ምን ልቀባ?» ጡታቸውን ያስቀነሱ ሴቶች ፋሻ ሊያስቀይሩ ሲመጡ በብዛት የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አንዳንዷ ስፌቱ ገና ሳይደርቅ ትጠይቃለች። መልሴ ስለማይለወጥ እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። አንዱን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ጠባሳው ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ወደ ቆዳሽ ይጠጋል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ምን ያህል እንደሚሳሳ ግን በከፊል በእጅሽ ነው፤ ከቅባቱ ዓይነት ይበልጥ የሚወስነውም ጊዜው ነው። በስድስተኛው ሳምንት የሚጠቅመው ማሸት በሁለተኛው ሳምንት ከተደረገ ስፌት ይከፍታል።

ሐኪምሽ የነገረሽ ከዚህ ጋር ከተለያየ የሐኪምሽን ያዢ። ከውስጥ ምን እንደተሰፋና በምን ክር እንደተሰፋ የሚያውቀው የሰፋው ሰው ነው።

ስፌትሽ የት የት ነው?

የሚቆረጠው ቦታ እንደ ጡቱ መጠንና እንደሚቀነሰው ብዛት ይለያያል። በብዛት የሚሠራው ሦስት መስመር ያለው ነው። አንዱ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ክብ ይከባል፤ ሁለተኛው ከክቡ ሥር ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሦስተኛው በጡት ሥር ባለው እጥፋት ላይ አግድም ይሄዳል። የመርከብ መልሕቅ ስለሚመስል «መልሕቅ» ወይም «የተገለበጠ ቲ» ይሉታል። የሚቀነሰው መካከለኛ ሲሆን ክቡና ቁልቁሉ ብቻ፣ ጥቂት ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ ክቡ ብቻ ይሠራል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅምሽ ሦስቱ መስመሮች አንድ ዓይነት ጠባይ ስለሌላቸው ነው። የክቡ ስፌት ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይሳሳል። ቁልቁሉ መጀመሪያ ላይ ተሸብሽቦ ይታያል፤ የሚያስደነግጥ ቢመስልም በወራት ውስጥ ይዘረጋል። የእጥፋቱ ስፌት ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ግን ላብ ያገኘዋል፣ የጡት ማስያዣ ይፈትገዋል፣ ሁለቱ ጫፎቹም በተለይ ወደ ደረት አጥንት የሚጠጋው የመወፈር ዝንባሌ አላቸው።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ከፊት የሚቆለፍ፣ ሽቦ የሌለው ለስላሳ የጡት ማስያዣ (ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ እንዲለበስ)
- ንጹሕ ጎዝና የማይጣበቅ የቁስል መሸፈኛ
- ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና
- የወረቀት ፕላስተር
- ሲሊኮን፦ የሚለጠፍ ሽፋን፣ ጄል ወይም ሁለቱም
- ሽታ የሌለው ተራ የቆዳ ማለስለሻ ቅባት (ለማሸት)
- መከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት
- ቴርሞሜትር
- የእጅ መስታወት፤ የጡትሽን ሥር ያለ እሱ አታዪውም

ሲሊኮኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ገዝተሽ ካስቀመጥሽ፣ እስከ ጊዜው ድረስ ከዓይንሽ አርቂው። ስላለ ብቻ ቀድሞ የመለጠፍ ፈተና አለው።

ደረጃ በደረጃ

1. ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ነገር ተናገሪ።

የመጀመሪያው ማጨስ ነው። ሲጋራም ሆነ ሺሻ፣ ኒኮቲን ያለበትም ፕላስተርና ማስቲካ ጭምር፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል። በዚህ ቀዶ ሕክምና የጡት ጫፉ ሕይወት የተንጠለጠለው በቀሩለት ጥቂት የደም ሥሮች ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲቆምና ከዚያም በኋላ ቢያንስ ለ4 ሳምንት እንዳይነካ ይጠይቃሉ። አትደብቂ። ሁለተኛው ኬሎይድ ነው። ጆሮሽን ስትበሺ፣ ብጉር ሲወጣብሽ ወይም ስትቆረጪ ያበጠ ጠባሳ ወጥቶብሽ ከነበረ፣ እናትሽ ወይም እህትሽም ካለባቸው፣ ለሐኪሙ አሳዪው። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ለኬሎይድ የበለጠ የተጋለጠ ነው፤ አስቀድሞ ከታወቀ ክትትሉ ቀድሞ ይጀምራል።

2. የመጀመሪያዎቹን 48 ሰዓታት ፋሻውን ተዪው።

የቁስሉ ጠርዝ በነዚህ ሰዓታት ተጣብቆ ይዘጋል። ፋሻውን ገልጦ ማየት ይህንን ይረብሻል፣ ጀርምም ያስገባል። ትንሽ ደም የተቀላቀለበት ፈዛዛ ፈሳሽ ጎዙን ቢነካው የተለመደ ነው። የፈሳሽ ማስወጫ ቱቦ ከገባልሽ የፈሰሰውን በየቀኑ መጠኑን ጻፊ፤ ቱቦው የሚነሳው ያንን አይቶ ነው።

በጀርባሽ ተኚ፣ ከወገብሽ በላይ በትራስ ከፍ በዪ። እብጠት ስፌቱን ከውስጥ ይወጥረዋል፤ ከፍ ብሎ መተኛት እብጠቱን ይቀንሳል። በሆድ መተኛት ለሳምንታት የለም።

3. ሲፈቀድልሽ ታጠቢ፤ አትንከሪ።

ብዙዎች ከ2 ቀን በኋላ ገደማ ሻወር ይፈቀድላቸዋል። ጀርባሽን ለውኃው ስጪ፤ ሳሙናውን በእጅሽ አረፋ አድርገሽ ከላይ ወደ ታች አፍስሺው እንጂ ስፌቱን በስፖንጅ አትፈትጊ። ስትጨርሺ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። እጥፋቱ ሥር አንድ ጠብታ እንኳ አይቅር፦ ጡትሽን በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርጊና ሥሩን ለብቻው አድርቂ። እርጥበት የቆየበት ቆዳ ነጭ ሆኖ ይልማል፣ ከዚያም ስፌቱ ይላላል።

ገንዳ ውስጥ መንከርና መዋኘት ስፌቱ ሁሉ ተዘግቶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። በስፌቱ ላይ የተለጠፉትን ቀጫጭን የወረቀት ፕላስተሮች አትላጪ፤ ጠርዙን ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው፤ በራሳቸው ይወድቃሉ ወይም በቀጠሮሽ ይነሳሉ።

4. የጡት ማስያዣውን ቀንም ሌሊትም ልበሺ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት። የጡቱ ክብደት ራሱ ስፌቱን ወደ ታች ይጎትታል፤ የተጎተተ ስፌት ደግሞ ሰፊና ወፍራም ጠባሳ ይሆናል። ጥብቀቱን በዚህ ለኪው፦ ሁለት ጣት ከሥሩ በቀላሉ መግባት አለበት። ሲወልቅ ጥልቅ መስመር ቆዳሽ ላይ ከተወ ጠብቋል። የማስያዣው የታችኛው ስፌት በትክክል በእጥፋቱ ጠባሳ ላይ ካረፈ በመካከላቸው ጎዝ አስገቢ። ሽቦ ያለውን የሐኪምሽ ፈቃድ ሳይኖር አትልበሺው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ያስጠብቃል።

5. ክንድሽን ቆጥቢ።

በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ቀንሶ «ድኛለሁ» የምትዪበት ቀን ይመጣል። የምፈራው ይህንን ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የተሰፋው ቆዳ ጥንካሬ ከቀድሞው ሲሶ አካባቢ ቢሆን ነው፤ ወደ 80 በመቶ የሚደርሰው በ3 ወር ገደማ ነው፣ ከዚያም ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ዕቃ አታንሺ፤ ሕፃን ልጅም ዕቃ ነው፤ ተቀምጠሽ ሌላ ሰው እቅፍሽ ውስጥ ያኑርልሽ። እጅን ከትከሻ በላይ ሰቅሎ መደርደሪያ ላይ መድረስ፣ ከባድ በር መግፋት፣ በክንድ ተደግፎ ከአልጋ መነሳት የደረት ጡንቻን ወጥረው ስፌቱን ይጎትታሉ። ስትነሺ በጎንሽ ተገልብጠሽ እግርሽን አስቀድሚ። መራመድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሩ ነው፤ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይረዳል።

6. በየቀኑ አንዴ እይው፤ በተለይ መገናኛውን።

ቁልቁሉ መስመር ከአግድሙ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ በመስታወት ፈልጊ። ሦስት የቆዳ ማዕዘኖች እዚያ ይገጥማሉ። ውጥረቱ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፣ የሚደርሰው ደም ደግሞ ያንሳል። ስፌት የሚከፈት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት።

ምን እንደምታዪ ልንገርሽ። መጀመሪያ ጠርዙ ነጣ ብሎ ይለሰልሳል። ቀጥሎ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ክፍት ትሆናለች፣ ውስጧም በቢጫ ሽፋን ይሸፈናል። ብዙዎች «መግል ያዘ» ብለው የሚደውሉት በዚህ ጊዜ ነው። መግል ይፈስሳል፣ ብዙ ጊዜም ይሸታል፤ ይህ ቢጫ ግን ተጣብቆ የሚቀር፣ በጎዝ ሲጠረግ የማይነሳ የቁስሉ ሽፋን ነው። ፍቀሽ አታንሺው። ለሐኪምሽ ፎቶ ላኪ ወይም ሄደሽ አሳዪ። ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና አይሰፋም፤ የማይጣበቅ መሸፈኛ እየተቀየረለት ከታች ወደ ላይ ቀይ ሥጋ እያወጣ በሳምንታት ውስጥ ይሞላል። ጠባሳው እዚያች ነጥብ ላይ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ከጡት ሥር ስለሆነች ግን ቆመሽ አትታይም።

ቁስሉ ክፍት ሆኖ ሳለ ሲሊኮን፣ ፕላስተርና ማሸት እዚያ ቦታ ላይ የሉም። ሌላው መስመር ከተዘጋ በሌላው መቀጠል ትችያለሽ።

በጥቁር ቆዳ ላይ ኢንፌክሽን «ቀላ» ብሎ ላይታይ ይችላል። በእጅሽ ጀርባ ዳስሺ፦ አንዱ ጡት ከሌላው ይሞቃል? ቆዳው ጠቁሮ፣ አብረቅርቆ፣ ጠጥሯል? ሕመሙ ቀን በቀን እየቀነሰ ሄዶ ድንገት ተመልሷል? ዓይንሽ ብቻውን አይበቃም።

7. ስፌቱ ሲዘጋ ሲሊኮን ወይም የወረቀት ፕላስተር ጀምሪ።

«ተዘጋ» የሚባለው ቅርፊት ሲወድቅ፣ እርጥበት ሲጠፋና ጎዝ ስታስነኪው ምንም ሳያረጥብ ሲቀር ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ለጠባሳ ከሚሸጠው ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሲሊኮን ነው። የሚሠራውም ቀላል ነገር ነው፦ አዲስ ጠባሳ ውኃ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው፤ ሲደርቅ ሰውነት ተጨማሪ የጠባሳ ሥጋ ይሠራል። ሲሊኮን እርጥበቱን ይዞ ያንን ምልክት ያረግበዋል።

ለእጥፋቱና ለቁልቁሉ የሚለጠፈው ሽፋን ይመቻል፤ ማስያዣው ራሱ ይዞልሻል። ከጠባሳው በሁለቱም ጎን ትንሽ እንዲተርፍ አድርገሽ ቁረጪ። ለክቡ ግን ሽፋኑ እየተሸበሸበ ስለሚያስቸግር ጄል ይሻላል። ሽፋኑን በመጀመሪያው ቀን ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ለጥፊ፤ ቆዳሽ ከተቀበለው በየቀኑ እየጨመርሽ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ አድርሺው። በየቀኑ ሽፋኑንም ቆዳሽንም በለስላሳ ሳሙና እጠቢ፤ ሽፋኑን በፎጣ አትጥረጊው፣ ክሩ ይጣበቅበታል፤ የሚለጠፈውን ፊት ወደ ላይ አድርገሽ በአየር አድርቂው። መጣበቁን ሲያቆም ይቀየራል። ጄል ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ። ልብስሽ ላይ ከተለጠፈ ወይም ተንከባሎ ከወጣ በዝቷል ማለት ነው፤ ከመልበስሽ በፊት 5 ደቂቃ ያህል ጠብቂ።

ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር ቀጥዪ። ሽፍታ ወይም በሙቀት ጊዜ እንደሚወጣው ያለ ብጉር ካወጣ አውልቂው፣ ቆዳው እስኪረጋ አሳርፊው፣ ከዚያ በአጭር ሰዓት እንደገና ጀምሪ።

ሲሊኮን ካልተገኘ የወረቀት ፕላስተር ጥሩ ምትክ ነው። በጠባሳው ርዝመት ለጥፊው፤ ውጥረቱን ይሸከምልሻል። እየታጠብሽበት እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ስታነሺው አርጥበሽ፣ ወደ ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ አስተኝተሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ አትደርቢ።

8. ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሲፈቀድልሽ፣ ማሸት ጀምሪ።

ማሸት ጠባሳን እንደሚያሳሳ ያለው ማስረጃ የሲሊኮንን ያህል አይደለም። ማሳከክንና የመወጠር ስሜትን ግን ያቃልላል፣ ከሥር ካለው ሥጋ ጋር የተጣበቀውንም ቆዳ ያላቅቃል፤ ስለዚህ አልዘለውም። እጅሽን ታጠቢና ጥቂት ማለስለሻ ቅባት ንኪ። ሁለት ጣትሽን ጠባሳው ላይ ጫኚ፣ የጥፍርሽ ሥር ነጣ እስኪል ድረስ። አሁን ጣትሽ በቆዳው ላይ ሳይንሸራተት ቆዳውን ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ በመጨረሻም በክብ አንቀሳቅሺው። ለ5 ደቂቃ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከሲሊኮኑ በፊት ከሆነ ቅባቱን አጥበሽ አድርቂ፣ አለዚያ አይጣበቅም። ካሸሽው በኋላ ቦታው ለሰዓታት የሚግልና የሚያብጥ ከሆነ ኃይል አብዝተሻል።

9. ለአንድ ዓመት ከፀሐይ ሰውሪው።

አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ለመልቀቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ጥቁር ቆዳ ያላት ሴት ደግሞ «እኔን ፀሐይ አይነካኝም» እንዳትል፤ ጠባሳው ቶሎ የሚጠቁረው በእሷ ላይ ነው። በስስ ልብስ ውስጥ ጨረር ያልፋል፤ ወፍራም ልብስ ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል።

10. በወር አንዴ ፎቶ አንሺ።

አንድ ቦታ፣ አንድ ብርሃን፣ አንድ ርቀት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ጠባሳው ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ይታያል፦ ይደነድናል፣ ከፍ ይላል፣ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ያሳክካል። ሰውነት ሥራ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መለስለሱና መፍዘዙ እስከ 12 ወር፣ አንዳንዴም እስከ 18 ወር ይቀጥላል። ፎቶ ከሌለሽ ይህን ለውጥ አታስተውዪውም።

ፎቶው የሚጠቅምበት ሌላ ምክንያት አለ። ከፍ ያለው ጠባሳ በስፌቱ መስመር ውስጥ ከቀረ ብዙ ጊዜ በራሱ ይረግባል። ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጤናማው ቆዳ የሚሰፋ፣ ወር በወር የሚያድግ ከሆነ ግን ኬሎይድ ሊሆን ስለሚችል አትጠብቂ። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ጠባሳው ውስጥ በሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ይታከማል፣ ቀድሞ ሲጀመርም ይሻላል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ኬሎይድ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ከበፊቱም ሊብስ ይችላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- ስፌቱን በአልኮል ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማጠብ። የሚያቃጥለው ጀርሙን ብቻ አይደለም፣ አዲሱንም ሥጋ ነው።
- ብቅ ያለ ክር መጎተት። የሚሟሟው ክር አንዳንዴ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ብጉር መስሎ ይወጣል። የተጎተተ ክር ከውስጥ ያለውን ቋጠሮ ይዞ ይመጣል፤ ሐኪሙ ጫፉን ቆርጦት ይጨርሳል።
- የቫይታሚን ኢ ዘይት። ጠባሳን እንደሚያሳምር በጥናት አልታየም፤ በ1999 በወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ከተጠቀሙት ሲሶው የቆዳ ሽፍታ ይዟቸዋል።
- የጥርስ ሳሙና፣ ማር፣ የቅጠል ጭማቂና የመሳሰለውን ክፍት ስፌት ላይ ማድረግ። ምን ጀርም እንደያዘ አታውቂም።
- እጥፋቱ ውስጥ ፓውደር መነስነስ። ከላብ ጋር ተጋግሮ ይፈትጋል። ደረቅ ስስ ጎዝ ይሻላል።
- የሙቅ ውኃ ከረጢት ወይም በረዶ በቀጥታ ጡት ላይ ማድረግ። ቆዳው ለወራት ደንዝዞ ሊቆይ ስለሚችል መቃጠሉ አይሰማሽም።
- በእጥፋቱ ጫፍ፣ ብብት አጠገብ የተጠራቀመች ትርፍ ቆዳ አይቶ በሁለተኛው ወር «ይስተካከልልኝ» ማለት። እብጠቱ ሲወርድ ብዙዎቹ ይተኛሉ። የቀረውን ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ቆርጦ ማንሳት ይቻላል፤ ሐኪሞች ይህንንም ሆነ የሰፋ ጠባሳን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ዓመት ገደማ ያስጠብቃሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሄጂባቸው

በዚያው ሰዓት፦

- አንዱ ጡት ድንገት ካበጠ፣ ከደነደነና ከወጠረ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት (ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል)
- የጡት ጫፉ ከወየበ፣ ወደ ሐምራዊ ከሄደ ወይም ከጠቆረ። ቀለሙን በመጀመሪያው ፋሻ ቅየራ ላይ አይተሽ ያዢው፤ ማወዳደሪያሽ እሱ ነው።
- ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ወይም አንድ የባት ጡንቻ ካበጠና ካመመ። ወደ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ ፋሻ ክፍል አትምጪ።

በዚያው ቀን፦

- ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ
- መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ ሙቀት ወይም መቅላት
- በየቀኑ የሚሰፋ ክፍተት

ከሳምንታት በኋላ ጡትሽ ውስጥ ጠጣር እብጠት ብትዳስሺ ብዙ ጊዜ ደም ያልደረሰው ስብ ደርቆ የሠራው ነው። ቢሆንም በግምት አትለፊው፣ አስመርምሪው። ወደፊት ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስትነሺም ጡትሽ እንደተቀነሰና በየትኛው ዓመት እንደሆነ ለሚያነሳሽ ባለሙያ ንገሪ፤ የውስጡ ጠባሳ ፊልሙ ላይ ስለሚታይ ምንነቱን ካላወቁ ሌላ ምርመራ ሊያዙልሽ ይችላሉ።